ጎጀብን ከመሻገር በፊት

ካፋ ራሱን የቻለ መንግሥት በነበረበት ዘመን ማንም እንዳሻው የጎጀብን ወንዝ ተሻግሮ ቦንጋ አይገባም ነበር። ድንበሩ በጥልቅ ጉድጓድና በእንጨት አጥር የተከበበ፣ መግቢያ መውጫውም በኬላ የሚጠበቅ ነበር። ነጋዴም ይሁን መልእክተኛ ኬላው ላይ ቆሞ ከየት እንደመጣና ምን እንደሚፈልግ ይናገራል፤ ወሬው ለታቶው ይደርሳል፤ እሳቸው ሲፈቅዱ በሩ ይከፈታል። ታቶ የካፋ ነገሥታት መጠሪያ ነው። ከታቶው አጠገብ ሚክሬቾ የሚባሉ ሰባት መማክርት ነበሩ፤ ንጉሥ የሚመረጠውም የአገሩ ከባድ ጉዳይ የሚቆረጠውም ያለ እነርሱ ቃል አልነበረም።

ይህን ማንበብ የጀመርኩት ባለቤቴ ቦንጋ ከተመደበ ወዲህ ነው። ምደባው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ከተቋቋሙት ቢሮዎች በአንዱ ሲሆን ደመወዙም ኃላፊነቱም አሁን ካለበት ይሻላል። እኔ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። የተወለድኩት ወሎ፣ አምባሰል ነው፤ ልጆቼ ግን ከአዲስ አበባ ሌላ አያውቁም። የሚመክረን ሰው ሁሉ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ኔትወርክ፣ ስለ ዝናቡ ይጠይቀናል። እነዚህ ሁሉ ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። የኔ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ካፋ ዞን ውስጥ ከነበረው ወደ 875,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከአሥሩ ስምንቱ የካፊቾ ብሔር ተወላጅ ነበር። ከእኔ በፊት አማርኛ እየተናገሩ ወደዚያ አገር የገቡ ሰዎች እንዴት ነበር የገቡት? እኔስ እግሬን የማሳርፈው በየትኛው ዱካ ላይ ነው? ይህን ሳላውቅ ልጆቼን ይዤ መሄድ አልፈለግሁም።

ቦንጋ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የንግድ ከተማ ነበረች። ቡና፣ ኮረሪማ፣ ማር፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ከዚያ እየተጫነ በጅማና በሊሙ በኩል፣ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃምና ጎንደር፣ ከዚያም ምጽዋ ይደርስ ነበር። በምላሹ አሞሌ ጨውና ጨርቅ ይገባል፤ የማርያ ቴሬዛ ብርም ይዘዋወራል። ሰውም ይሸጥ ነበር። ይህን መሸፋፈን አልችልም፤ የካፋ ነገሥታት ራሳቸው ባሪያ ሸጠዋል፣ ለግብርም ሰው ሰጥተዋል። ከሰሜን የሚመጡ ሙስሊም ነጋዴዎች በካፋ ሰፈር ይዘው፣ ቋንቋውን ለምደው፣ ተጋብተው ይኖሩ ነበር። አማርኛም ትግርኛም ተናጋሪ ቦንጋ ውስጥ ከምኒልክ ጦር በፊት ነበረ ማለት ነው። ክርስትናም ቢሆን ከጦሩ ጋር የገባ አይደለም። በአፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ የክርስትና እምነት ካፋ ደርሷል፤ ከዚያ ወዲህ ካህን ሳይኖራቸው እንኳ ጾሙንና በዓሉን ይዘው የቆዩ ቤተሰቦች ነበሩ።

የሩቅ እንግዳም በዚያው በር ነበር የሚገባው። በ1843 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ ቦንጋ የደረሰው ከሰርገኛ ጋር ነው። የሊሙ እናርያው ንጉሥ አባ ባጊቦ የካፋ ልዕልት አጭተው ሽማግሌ ሲልኩ ዳባዲ ከመልእክተኞቹ ጋር ተደርቦ ገባ፤ ጥቂት ቀን ሰንብቶም ከእነርሱ ጋር ወጣ። ከእርሱ በኋላ እኛ አቡነ ማስያስ የምንላቸው ጣሊያናዊ ሚስዮናዊ ጉልየልሞ ማሳያ በ1859 እ.ኤ.አ. ገቡ፤ በ1861 ግን ተባረሩ። አገሩ ያስገባል፣ ያሳድራል፣ ካልወደደም ያስወጣል። የእንግድነት ሥርዓቱ በቤቱ ባለቤት እጅ ነበር።

ያ ሥርዓት በ1889 ዓ.ም. ፈረሰ። ከዓድዋ ድል ማግሥት ምኒልክ ካፋን እንዲያስገብሩ ራስ ወልደ ጊዮርጊስን አዘዙ። ደጃዝማች ተሰማ ናደውና ደጃዝማች ደምሰው በሌላ አቅጣጫ መጡ፤ የጅማው አባ ጅፋርም ጦር አሰለፉ። በአንድ ወገን በብዙ ሺህ የሚቆጠር ጠመንጃ፣ በሌላው ወገን ጦርና ጋሻ፣ ከዚያም ላይ ጥቂት መቶ አሮጌ ጠመንጃ ነበር። ያም ሆኖ ውጊያው ስምንት ወር ያህል ወሰደ። የመጨረሻው ታቶ ጋኪ ሼሮቾ ዋና ከተማቸውን አንድራቻን ለቀው ጫካ ገቡ፤ ሕዝባቸውም እየሸሸገ አቆያቸው። የተያዙት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። በሰንሰለት ታስረው ወደ ሸዋ ሲወሰዱ ጎጀብ ላይ የወርቅ ቀለበታቸውን አውልቀው ወንዙ ውስጥ እንደጣሉ በካፋ እስከ ዛሬ ይነገራል። ከእንግዲህ ንጉሥ የለም ማለታቸው ነበር። እስከ ዕለተ ሞታቸውም፣ እስከ 1919 እ.ኤ.አ.፣ በግዞት ኖሩ።

በትምህርት ቤት ይህን ምዕራፍ «አገር ማቅናት» በሚል ስም፣ በአንድ አንቀጽ ተምሬ ነበር ያለፍኩት። አሁን ስመለስበት አንዲት አንቀጽ የማትበቃው ከዚያ በኋላ ለመጣው ነገር ነው። ሩሲያዊው መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች ከድሉ ጥቂት ወራት በኋላ ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጋር ለመዝመት በካፋ አለፈ። ቡላቶቪች የምኒልክ ወዳጅ ነበር፤ የኢትዮጵያን ጦር አድንቆ የጻፈ ሰው ነው። እርሱ ራሱ ወደ አንድራቻ ሲቃረብ የሰው አጥንት ሜዳ ላይ ተበትኖ ማየቱን መዝግቧል። ከጦርነቱ የተረፈው ገበሬ ደግሞ ለወታደሩ በገባርነት ተደለደለ። አንድ መለስተኛ ወታደር ደመወዙ ገባር ነው፤ ገባሩ ያርሳል፣ ይፈጫል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ቤት ይሠራል፣ ማር ያገባል። መክፈል ያቃተው ልጁን እስከመስጠት ደረሰ። በባሪያ ፈንጋይና በረሃብ፣ በበሽታና በስደት አገሩ ተራቆተ። ቀድሞ የታረሰ መሬት ዳዋ ዋጠው፤ ዛሬ ጎብኚ «ድንግል ደን» እያለ ፎቶ ከሚያነሳው ጫካ ውስጥ ከፊሉ የዚያን ጊዜ ሰው አልባ የሆነ እርሻ ነው። የመጀመሪያው የባሪያ ነፃነት አዋጅ በ1916 ዓ.ም.፣ ጠንከር ያለው በ1934 ዓ.ም. ወጣ፤ ለካፋ ሁለቱም የመጡት ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ ነው።

ይህን ስጽፍ የተወለድኩበትን ሕዝብ ለመክሰስ አይደለም። ወታደሩም ከየመንደሩ ተመልምሎ የመጣ ድሃ ነበር፤ ካፋ የሞተም፣ የተዳረም፣ ካፊቾ ልጅ የወለደም ብዙ ነው። ነገር ግን ቦንጋ ውስጥ አንድ ሽማግሌ አማርኛዬን ሰምተው ዝም ቢሉ ዝምታው ከየት እንደመጣ ማወቅ አለብኝ። ይህን ሳያውቅ የሚሄድ ሰው ዝምታውን እንደ ጥላቻ ይቆጥረዋል፤ ከዚያ በኋላ መኮራረፍ ይመጣል።

ጣሊያን በገባ ጊዜ ጎጀብ እንደገና ታሪክ ውስጥ ገባ። ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲያፈገፍጉ ተከበው እጃቸውን የሰጡት በዚያው ወንዝ አካባቢ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1929 ዓ.ም. ነው። ከነፃነት በኋላ ደግሞ የካፋ ስም ለጠቅላይ ግዛቱ ሆነ፣ ዋና ከተማው ግን ጅማ። ቦንጋ በገዛ አገሯ ስም በሚጠራ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ የአውራጃ ከተማ ሆና ቀረች።

ከዚያ ወዲህ የእኔ ቤተሰብ ታሪክ ይመጣል። በ1977 ዓ.ም. ወሎ በድርቅ ሲመታ ደርግ የሰፈራ ዘመቻውን ጀመረ። ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ጎጃም፣ ጋምቤላና ካፋ ተጓጓዘ። ወዶ የሄደ ነበረ፤ ለእህል ዕርዳታ ተሰብስቦ ሳለ የተጫነም ነበረ። የእናቴ ታናሽ ወንድም ከሁለተኞቹ ነው። አውቶቡስ ውስጥ ሲገባ ወዴት እንደሚሄድ የነገረው ሰው አልነበረም። ወደ ቦንጋ ልንሄድ መሆኑን ስነግራት እናቴ «ካፋ? ሰው ሄዶ የማይመለስበት?» ያለችኝ ለዚህ ነው። አጎቴ በእርግጥ አልተመለሰም፤ ካፋ ውስጥ አግብቶ፣ ወልዶ፣ እዚያው ተቀበረ።

የአጎቴ ትልቁ ልጅ፣ በአክብሮት ጋሼ የምለው፣ ቦንጋን ለማየት በሄድን ጊዜ ቤቱ አሳድሮን አባቱ ሲያወሩለት የኖሩትን ነገረኝ። ሰፋሪው ሲደርስ «ይህ ሁሉ ባዶ ጫካ ነው፤ መንጥራችሁ እረሱ» ተባለ። ከወሎ የተራቆተ ተራራ ለመጣ ሰው ዛፍ ማለት ያልታረሰ መሬት ማለት ነው። አጎቴ መጥረቢያ አንስቶ አንድ ትልቅ ዛፍ መቁረጥ ሲጀምር አንድ ካፊቾ አዛውንት መጥተው ግንዱ ላይ እጃቸውን አሳረፉ። ቋንቋ አይግባቡም። አዛውንቱ ወደ ላይ አመለከቱ፤ ቀፎ ተሰቅሏል። ከዚያ ሌላ ዛፍ፣ ሌላ ቀፎ አሳዩት። ጫካው ባዶ አልነበረም።

ካፋ ውስጥ ደን በኮቦ ይያዛል። ይህ የጫካ ክፍል የእገሌ ዘር ነው፤ ቀፎ የሚሰቅለው፣ ቡናውን የሚለቅመው፣ ኮረሪማውን የሚያወጣው እርሱ ነው፤ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። አጥር የለውም፣ ካርታ የለውም፣ ጎረቤት ሁሉ ግን ያውቀዋል። ከዚህ ሌላ ለአምልኮ የተለዩ፣ ምሳር የማይነካቸው የዛፍ ስፍራዎች አሉ። ለአዲስ አበባ ባለሥልጣን ይህ ሁሉ በአውሮፕላን ሲታይ አረንጓዴ ባዶ መሬት ነበር። በንጉሡ ጊዜ ለመኳንንት የቡና መሬት የታደለው፣ በደርግ ጊዜ ሰፋሪ የወረደው፣ እንደገናም በ1996 ዓ.ም. ገደማ ከከምባታና ከአካባቢው የመጡ ሰፋሪዎች ዴቻ ወረዳ የገቡት በዚሁ ዕይታ ነው። የውሽውሽ ሻይ ልማትም ከቦንጋ አቅራቢያ ሰፊ ደን መንጥሮ ነው የተተከለው። እኔ ከዚህ ሁሉ የማዝነው ለሁለቱም ወገን ነው። ሰፋሪው የተራበ ነበር፤ ባለኮቦው ደግሞ ማንም ሳይጠይቀው አስተናጋጅ ሆነ። የጠየቀ መንግሥት አልነበረም፤ ኬላው ከፈረሰ ወዲህ «ልግባ?» ያለ አልነበረም።

አጎቴ ያን ዛፍ ተወው። አዛውንቱ ቀፎ አሠራር አስተማሩት፤ እርሱም በበኩሉ በበሬ ማረስ አሳያቸው። የአጎቴ ልጆች የካፊቾን ቋንቋ፣ ካፊ ኖኖን፣ ከእናታቸው ወተት ጋር ለመዱት። ጋሼን «ሰው ምን ብሎ ይጠራችኋል?» ብዬው ነበር። «ሲጣሉን ሰፋሪ፣ ሲያዝኑልን ልጃችን» አለኝ። ከዚያ ቀጥሎ የነገረኝን ደጋግሜ አስቤዋለሁ፦ «እዚህ የሚከበረው ቋንቋውን የሚሞክር ነው። ስትሳሳቺ ይስቁልሻል፤ ከሳቁልሽ ገባሽ ማለት ነው።»

ይህን ነገር ከታናሽ ወንድሜ ጋርም በስልክ ስንነጋገርበት ከረምን፤ እርሱም የሚያወላውልበት ተመሳሳይ ጉዳይ ነበረው። ዳላስ የሚኖር የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ የሚሠራበት ድርጅት ወደ ኤል ፓሶ እንዲዛወር ጠይቆታል። ኤል ፓሶ ከሜክሲኮዋ ሲውዳድ ሁዋሬዝ ጋር ወንዝ ብቻ የሚለያት የድንበር ከተማ ናት፤ እዚያም ከአሥሩ ስምንቱ ነዋሪ የስፓኒሽ ተናጋሪ ዘር ነው። ወንድሜን ያስጨነቀው «በእንግሊዝኛዬ ላይ ሌላ ቋንቋ ልጀምር ነው ወይ?» የሚለው ነበር። ስንጫወት የነገርኩት አንድ ነገር አለ፦ ከእነዚያ ሰዎች መካከል ዘራቸው ወደ አሜሪካ ያልመጣ፣ ይልቁንም አሜሪካ የመጣችባቸው አሉ። በ1848 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካና ከሜክሲኮ ጦርነት በኋላ በተፈረመ ውል ሪዮ ግራንዴ ድንበር ሲሆን ወንዙ ዳር የነበረ ሰው ቤቱን ሳይለቅ አገሩ ተለወጠበት። ካፋም ላይ የሆነው ይኸው ነው። ጎጀብ በአንድ ዓመት የመንግሥት ድንበር መሆኑ ቀረ፤ የሰው ቤት ግን የሰው ቤት እንደሆነ ቆየ። ወንድሜ እስካሁን አልወሰነም።

ዛሬ ቦንጋ ሌላ ዘመን ላይ ናት። መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ ኅዳር 14 ቀን ካፋ፣ ሸካ፣ ቤንች ሸኮ፣ ዳውሮ፣ ምዕራብ ኦሞና ኮንታ አንድ ክልል ሆኑ። ክልሉ መቀመጫዎቹን በአራት ከተሞች ሲያከፋፍል የአስተዳደሩ ማዕከል ቦንጋ ሆነች። ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ብሔራዊ የቡና ሙዚየም አላት፤ ዙሪያዋን ያለው ምድር ከነደኑ ከ700,000 ሄክታር በላይ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ተመዝግቧል። የዓለም ሁሉ ቡና ዘመዱ የሆነ የዱር ቡና ዛሬም ጥላ ሥር ይለቀማል። ስለዚህ ከየአቅጣጫው ሰው እየመጣ ነው፤ ባለሙያው፣ ተቋራጩ፣ ነጋዴው፣ እንደኛ ያለው ምድብተኛ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ስለሆነ አንድም የካፊ ኖኖ ቃል ሳያውቁ አሥር ዓመት መኖር ይቻላል። የሚያስፈራኝም ይኸው ነው፤ ኬላ የሌለው ከተማ ሰውን ያዘናጋል።

ቤት ልናይ በሄድን ጊዜ ያከራዩን እማማ ልጆቼ ምን እንደሚማሩ ጠየቁኝ። በካፋ ዞን ትምህርት ቤቶች ካፊ ኖኖ ይሰጣል፤ የሚጻፈውም በላቲን ፊደል ነው። ባለቤቴ ስምንት ዓመት የሞላት ልጃችን ትደናገራለች ብሎ ይሰጋል፤ አማርኛዋ ገና አልጠናም፣ እንግሊዝኛ አለ፣ ሦስተኛ ቋንቋ ሊጨመር ነው። እኔ ግን የአጎቴን ልጆች አይቻለሁ፤ ሦስቱንም ይናገራሉ፣ አንዱ ሌላውን አላስረሳቸውም። እማማ ቡና እያፈሉ «ትምጣ፣ ከልጅ ልጆቼ ጋር ትውላለች» አሉ። እኔም ስጋቱ እዚያው ቀለለልኝ።

አንድ ያልቀለለልኝ ነገር አለ፤ ሳልናገረው ማለፍ አልፈልግም። በቀድሞው የካፋ መንግሥት ኬላ ይጠብቁ ከነበሩት ውስጥ ማንጆዎች ነበሩ። በአደን የሚተዳደሩ ነበሩ፤ ሌላው ሕዝብ አብሯቸው አይበላም፣ ከቤቱም አያስገባቸውም ነበር። ያ መገለል በብዙ ቦታ ዛሬም አልጠፋም። አማርኛ ተናጋሪው መጤም ለዘመናት ያንኑ ልማድ ተቀብሎ ኖሯል፤ ከባለአገሩ ጋር ለመዋደድ የቀለለው መንገድ እርሱ ነበርና። የአገሩን ቋንቋ እማራለሁ፣ ምግቡን እበላለሁ፣ ሥርዓቱን አከብራለሁ፤ ይህን ግን አልቀበልም። ቤቴ ለሚመጣ ማንጆ ልጅ ስኒው ያው የልጆቼ ስኒ ነው። ይህንንም ለባለቤቴ ነግሬዋለሁ።

ወስነናል፤ እንሄዳለን። መስከረም ላይ፣ ትምህርት ሳይጀመር ቦንጋ እንገባለን። ልጆቹ የመንግሥት ትምህርት ቤት ይገባሉ፤ እኔና ባለቤቴ ማታ ማታ ካፊ ኖኖ የሚያስተምረን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጋሼ ፈልጎልናል። ጓሮ ቢደርሰን እንኳ በላዩ ያለ ዛፍ የማን ቀፎ ማንጠልጠያ እንደነበረ ሳንጠይቅ አንነካም። እናቴም የወንድሟን መቃብር ለማየት በጥር ትመጣለች።

እናንተም ለሥራ ወደ ቦንጋ የምትሄዱ ሁሉ፣ ቤት ከመከራየታችሁ በፊት ቋንቋውን የሚያስተምራችሁ ሰው ፈልጉ፤ መሬት ከመያዛችሁ በፊትም ባለኮቦውን ጠይቁ።